የወዝአደሩ ደረት

ጋሻዬ ወፍ ጭጭ ሳይል ተነስቶ የገዛ ቤቱን ስኳር ሊሰርቅ ሲል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሌብነቱን እንኳ ቢችልበት ምን ነበረበት! ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ፣ ጣቱ የአካፋ እጀታ የሚያህል ሰውዬ፣ የጣሳ ክዳን ድምፅ ሳያሰማ መክፈት ከየት ይመጣለታል? ከጎታው ጀርባ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልላ የተሸጎጠችውን የወተት ዱቄት ጣሳ በጉልበቶቹ መሐል ወትፎ ሲታገላት ሲታገላት «ቧ!» ብላ ተከፈተችና ሚስቱ አልጣሽ ከአልጋው ላይ ቀና አለች። ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገችና የንጋቱን ብርሃን አስገባችበት። ጣሳዋ እስከ አፏ ሙሉ ነበረች። ጋሻዬ ስኳሩን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ተመልሶ ስኳሩን አየ። ቀበሌው ለአንድ አባወራ በወር የሚሰጠው ግማሽ ኪሎ ነው፤ እሱ ደግሞ ሻዩን መራራውን መጠጣት ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

«አልቋል አላልሽም እንዴ?» አለ ሌባው፣ ተቆጥቶ።

«አልቋል ያልኩት እንዲህ ያለ እጅ እንዳያገኘው ነው። ለምንህ ፈለግከው?»

«ለደረቴ።»

«ለምንህ?»

«ለደረቴ አልኩሽ እኮ!»

አልጣሽ ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ይህ ሰው ስለ ሆዱ ሲነጫነጭ፣ ስለ ወገቡ ሲያማርር፣ በጥርሱ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ሰምታለች። ለደረቱ ስኳር ሲፈልግ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። እየሳቀች ይሁን እየተናደደች በዚያ ድንግዝግዝ አይለይም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን የዓለም ሠራተኞች በዓል ደሴ ላይ ይከበራል፤ የወሎ አውራጃዎች ሁሉ የኪነት ቡድናቸውን ይዘው ይቀርባሉ። የላስታ ቡድን ትርኢት ሲያልቅ አንድ ወዝአደር ደረቱን ራቁት አድርጎ ይወጣል፤ እጁ ላይ የታሰረውን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ መዶሻ ያነሳል። ታዲያ ላሊበላ ላይ ወዝአደር ከየት ይምጣ? ፋብሪካ የለ፣ ባቡር የለ። ቄስ ከተፈለገ በየመንገዱ ነው፤ ዲያቆን ከተፈለገ ደግሞ ቄሱን ይበልጣል። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ምስጋኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተማውን ሲያስስ ከርሞ በመጨረሻ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥገና በቀን በአንድ ብር ከዘጠና ሁለት ሳንቲም ድንጋይ የሚጠርበውን ጋሻዬን አገኘ። ደመወዝተኛ ነው፤ ክንዱ የጠና ነው፤ በዚያ ላይ መዶሻውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣ። ጓድ ምስጋኑ ከደስታው ብዛት ጨብጦ ሊለቀው አልቻለም ነበር።

ጉዱ የወጣው ሸሚዙ የወለቀ ዕለት ነው። ጋሻዬ ከአንገቱ ሥር እስከ እምብርቱ ጥቁር በግ ነው። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ልምምዱ በሕዝብ ፊት ሲታይ፣ ሰንሰለቱ ተበጥሶ፣ መዶሻው ተነስቶ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎናቸው ያለውን ሰው «ይሄ ለምድ የደረበው ደግሞ የየት ባላባት ነው?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት በቀስታ ነበር፤ ጆሯቸው ስለደከመ ግን ሜዳው ሁሉ ሰማቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ምስጋኑ ብቻ አልሳቀም። ቢሮው ግድግዳ ላይ የለጠፈው ፖስተር አለ፤ እዚያ ላይ ያለው ወዝአደር ደረቱ የተላገ ሳንቃ ይመስላል፤ አንዲት ጠጉር የለችበትም። «ወዝአደራችን ፊውዳል መስሏል» አለ። «ወይ ይጸዳል ወይ ይቀየራል።» የሚቀየርበትም ሰው አልጠፋም። አዝመራው የሚባል፣ ደረቱ እንደ ሕፃን ልሙጥ የሆነ አስተማሪ አለ፤ መዶሻ ሲይዝ ግን ጠመኔ የያዘ ነው የሚመስለው። ጋሻዬ ተሽቀዳድሞ የራሱን ደረት በምላጭ ላጨው። በሦስተኛው ቀን ደረቱ ታጭዶ የቀረ የገብስ ማሳ መስሎ ብቅ አለ፤ ሸሚዝ ሲለብስ ይዋጋል፣ በየመሐሉ ሽፍታ ወጣበት፣ ሲያክ መዋል ሆነ ሥራው። በሁለት ሳምንቱ ጠጉሩ ጭራሽ ወፍሮ መጣ።

ጋሻዬ ለመድረክ ደንታ ያለው እንዳይመስላችሁ። እሱ የፈለገው ደሴን ነው። ደሴ ውስጥ ሸጌ አለች። ሸጌ አንድ ልጃቸው ናት፤ ለትምህርት አክስቷ ዘንድ ተልካ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ እናት አባት ሳይጠየቅ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀይ ሻሽ አንገቷ ላይ አስራ አገባች። ወሬውን ያመጣላቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ያን ዕለት አልጣሽ «ስሟን የሚያነሳ ከዚህ ቤት ይውጣ» አለች፤ ማንም አልወጣም፣ ማንም አላነሳም፤ ይኸው ሦስት ዓመት። ከሁለት ወር በፊት ለጋሻዬ በሥራ ቦታው ደብዳቤ መጣለት። ሴት ልጅ ወልጃለሁ ይላል፤ ክርስትናዋ ሚያዝያ ሃያ አራት ነው ይላል። ደሴ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለይለፍ ወረቀት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ለመናገር ያንን ስም መጥራት ያስፈልጋል። ኪነት ቡድኑ ግን መኪናም አለው፣ ወረቀትም አለው፣ ስም ጥራም የሚል የለም። እንግዲህ የልጅ ልጁን ማየት አለማየቱ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ጓድ ምስጋኑ ደረቱን ያያል፤ ነገ ጎህ ሲቀድ መኪናው ይነሳል።

ለአልጣሽ የነገራት ግማሹን ብቻ ነው። ካድሬው አዞኛል፤ የባለሱቁ ሚስት ጀውሀራ የሙሽሮችን ገላ በምታጸዳበት ስኳር ጠጉሩ ይነቀላል ተብሏል፤ እሷ ግን የባዕድ ወንድ ገላ ስለማትነካ «ሚስትህን ይዘህ ና» ብላለች። አልጣሽ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ጣሳዋን ነጠላዋ ሥር አስገብታ «ስኳሬ የት እንደሚገባማ በዓይኔ ነው የማየው» ብላ ከፊቱ ወጣች። የመጣችውስ ለስኳሩ ብቻ እንደሆነ ማን ያውቃል!

የጀውሀራ ክፍል ከባሏ ከአባስ ሱቅ ጀርባ ናት። ከፊት አባስ ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ ደርድሮ ተቀምጦ፣ አቡጀዴ ክንዱ ብር ከስሙኒ የገባው በእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ለገዢው ሁሉ በወላሂ ያስረዳል። ከኋላ ጀውሀራ አለች። ልጅነቷ አሰብ ነው ያለፈው፤ እዚያ ከየመን ሴቶች ስኳርና ሎሚ አንጥሮ ጠጉር የሚነቅለውን ሀላዋ መሥራት ተምራለች። አባስን አግብታ ከመጣች ወዲህ ላሊበላ ያሉትን እስላም ሙሽሮች ሁሉ ከእጃቸው እስከ እግራቸው የምታጸዳ እሷ ናት፤ አንዳንድ ክርስቲያን ሙሽራም በጓሮ በኩል ትመጣለች ይባላል። ለሙሽራ አሥር ብር ነው። ለጋሻዬ ዋጋ ስትጠየቅ «ወንድ ሠርቼ አላውቅም፣ በምን ልተምነው?» ብላ ስቃ ተወችው። ክፍሏ ሰሌን ተነጥፎባታል፤ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ አለ፤ መሐሏን የአባስ ሽርጥ በገመድ ተሰቅሎ ለሁለት ከፍሏታል። ሁለት ብርጭቆ ስኳር፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂና ጥቂት ውሃ ድስቷ ውስጥ ገባ። ስኳሩ ሲወርድ አልጣሽ ዓይኗን ጨፈነች። «ማር ሲመስል ይወርዳል» አለች ጀውሀራ እያማሰለች፣ «ካለፈ ከረሜላ ነው የሚሆን፤ ያኔ ለልጅ ሰጥቶ መገላገል ነው።» ሲበርድላትም ድስቷን ለአልጣሽ ሰጥታ ሽርጡን አልፋ ገባች፤ ጀርባዋን አዙራ ተቀመጠችና ከዚያው ሆና ማዘዝ ጀመረች።

«ልብሱን ያውልቅ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ ዱቄት ነስንሽበት፤ ላብ ካለ አይዝም።»

«አላበው እንጂ! ገና ሳይነካ ወንዝ ሆኗል» አለች አልጣሽ።

«አብሽር፣ አያ ጋሻዬ፤ ሙሽሮቹ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ችለውታል። አልጣሽ፣ ስሚኝ። ጠጉሩ በተኛበት በኩል ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ጨርቁን ለጥፊ፤ በግራ እጅሽ ቆዳውን ወጥሪና በቀኝሽ ወደ ተቃራኒው መንጭቂው። ወደ ላይ አታንሺው፣ ገላውን ታክከሽ። ካዘንሽለት ታቆስይዋለሽ።»

«ለእሱስ አታስቢ» አለች አልጣሽ።

ጀውሀራ ከመጋረጃው ወዲያ «ቢስሚላህ» አለች፤ አልጣሽ ከመጋረጃው ወዲህ «በስመ አብ» አለች፤ ጋሻዬ ገና አፉን ሲያላቅቅ ጨርቁ ተነሳ። «ኧረ በላሊበላ!» ብሎ የጮኸው ጩኸት ሱቅ ውስጥ ያሉት ገበያተኞች ጋ ደረሰ። አባስ ሳይደናገጥ «ጥርስ እየነቀሉ ነው» ሲላቸው ተሰማ። አልጣሽ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው። ሃያ ስድስት ዓመት ራሷን ያሳረፈችበት ጠጉር ነው፤ እንዲህ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ሲያዩት ግን ምኑም አያጓጓም። ደረቱ ላይ የተራቆተችው ቦታ እንደ ዶሮ ቆዳ ተቆጥታ ቀልታለች። ሁለተኛውን ስትለጥፍ እጇ ፈጠነ። «ይቺ ለሌብነትህ» አለችና መነጨቀችው። ሦስተኛውን «ይቺ ደግሞ የድንጋይ ብናኝ በጫማህ እያመጣህ ቤቴን ላቆሸሽክበት።» ጀውሀራ ከወዲያ ማዶ በሳቅ ተንፈቀፈቀች፤ አልጣሽም ሳቋ አመለጣት። ጋሻዬ እንባው ጆሮው ውስጥ እየገባ ነበር። አራተኛው ጨርቅ ልቡ ላይ ተለጠፈ፤ ከሁሉ ጠጉሩ የሚበዛው እዚያ ነው። አልጣሽ ጫፉን ስትይዘው አልቻለም።

«ለሸጌ ስል እኮ ነው! ሸጌን ላይ ብዬ ነው እንዲህ የምሆን!»

አልጣሽ የጨርቁን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። ጋሻዬ ዓይኑን አልገለጠም፤ ቢመነጨቅ ይሻለው ነበር። ከሱቁ በኩል አባስ ምስር ሲሰፍር ይሰማል።

«ምነው ቆማችሁ?» አለች ጀውሀራ። «እንዳይደርቅ! ከደረቀ ቆዳውን ይዞ ነው የሚመጣ!»

አልጣሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክርስትናው ሃያ አራት ነው አይደል?» አለችው።

ጋሻዬ ዓይኑን ገለጠ። እሱ ስለ ክርስትናው አንድ ቃል ነግሯት አያውቅም። ስለ ሕፃኗም ቢሆን። ሊጠይቃት ሲል ጨርቁ ተመነጨቀ፤ የዚያን ጊዜው ሕመም ከሦስቱም ይብስ ነበር፤ ግን አልጮኸም።

«ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ የደበቅክበትን ኮት ማን ነው የሚያጥበው?» አለች አልጣሽ። «መሠረተ ትምህርት የገባሁትስ ለምን መሰለህ፣ ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ልሰቅል? አንተ ፊደል እየቆጠርክ አንዴ ሳትጨርሰው እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ‹ለእማዬ ንገርልኝ፤ ካልሆነም ተወው› ብላ ጻፈች። አንተም ተውከው።»

«ስሟን ያነሳ ይውጣ ያልሽ አንቺ ነሽ!»

«ብልስ? እናት ተናዳ የተናገረችውን ሦስት ዓመት ይዘህ ትቀመጣለህ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ አፍ አፍህን ሳይ! ስኳሩንስ ለማን ያስቀመጥኩት መሰለህ? ለአራሷ ነበር። ሰው ባገኝ ልልክላት ነበር። ይኸው ደረትህ ላይ ለደፍከው።»

አለቀሰች። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጭና፣ ሀላዋ የነካውን እጇን ከልብሷ አርቃ ይዛ አለቀሰች። ጋሻዬ አፈረ። ግማሹ ደረቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጥቁር እንደሆነ፣ ዱቄት ተነስንሶበት ሰሌን ላይ የተዘረጋ ሰው ማፈሩን በምን ያሳይ? እጁን ዘርግቶ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ከመጋረጃው ወዲያ ጀውሀራ በለሰለሰ ድምፅ «የቀኙ ቀርቷል፣ እህቴ» አለች። የቀኙን አልጣሽ ቀስ እያለች ነበር የሠራችው፤ ጀውሀራ እንዳስጠነቀቀቻትም በማዘኗ ሁለት ቦታ አቆሰለችው።

ጨርሳ ስታጥበው አልጣሽ ከወገቧ ትንሽ ጥቅል ፈታች፤ ቅቤ ይዛ መጥታ ነበር። ጀውሀራ እንዴት እንዳወቀች አይታወቅም፣ ሽታውን ሰምታ መሆን አለበት፣ «ቅቤ እንዳታስነኪው!» ብላ ጮኸች። «ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ነው፤ ቅቤ ይደፍነውና ብጉር ያፈላበታል። በቀዝቃዛ ውሃ ጨርቅ ነክረሽ ጣይበት፣ ቃጠሎው እስኪበርድ። ከአጥሬ ሥር እሬት አለ፤ አንድ ቅጠል ቁረጪና ቢጫው ውሃው እስኪንጠፈጠፍ አቁሚው፤ እሱ ያሳክካል። ከዚያ ላጪው፤ የውስጡን፣ ያንን እንደ እንቁላል ነጭ ያለውን ቀቢው። ሳሙና የለም፣ ሙቅ ውሃ የለም፣ ፀሐይ የለም። ጋቢ በገላው እንዳይደርብ፣ ስስ ሸሚዝ ነው። ቢያሳክከውም እጁን ያዢው እንጂ እንዳያክ። ጧትና ማታ አምስት ቀን እንዲሁ ነው።»

«አምስት ቀን?» አለች አልጣሽ። እሬቱን በጣቷ እየቀባችው ነበር፤ ጋሻዬ ቅዝቃዜው ገብቶት ዓይኑን ከድኗል። «ነገ እኮ ይሄዳል። ደሴ ማን ይቀባዋል?»

ጀውሀራ ከመጋረጃው ወዲያ ቃል እየመረጠች፣ «የላጨችው እጅ ናት መቀባት ያለባት» አለች። «ሌላ እጅ ከነካው ይቆጣል።»

«ነው እንዴ?»

«ወላሂ ለማለት ይከብደኛል። አሰብ ግን እንዲያ ነበር።»

በዘጠኝ ሰዓት ባልና ሚስት ጓድ ምስጋኑ ቢሮ ገቡ። ጓድ ምስጋኑ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ሰውን ሁሉ «ጓድ» እና «አንተ» ማለት እንዳለበት የተማረ፣ እናቱ ግን ሌላ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀመጥ ሁለቱ ይምታቱበታል። ጋሻዬ ሸሚዙን ከፈተ። ካድሬው ፖስተሩን አየ፤ ደረቱን አየ፤ ጠጋ ብሎ ደግሞ አየ። ልሙጥ ነው። ከሳንቃውም ይልቅ ልሙጥ ነው። ግን እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ በየቦታው ነጠብጣብ አለው።

«ምን አድርገውት ነው? ማለቴ፣ ምን አድርገህ ነው የቀላ?»

«ቀይ ለአብዮቱ ጥሩ ቀለም ነው ስትሉ ሰምቼ» አለ ጋሻዬ።

አልጣሽ በዚህ መሐል ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉትን ሦስት ጢማም ሽማግሌዎች ስትመረምር ነበር። «ጓድ ምስጋኑ፣ እነዚህስ ጠጉራም አይደሉም እንዴ?» አለችው። ጓድ ምስጋኑ ዘወር ብሎ አያቸው፤ አሰበበት፤ «እነሱ ልብስ ለብሰዋል» አለ። ከዚያ ወደ ደረቱ ተመለሰና ለሃያ ሦስት ይደርሳል ወይ ብሎ ተጨነቀ። አልጣሽ የምትጠብቀው ይህንን ነበር። ይደርሳል አለችው፤ ጧትና ማታ እሬት ከተቀባ ይደርሳል፤ አለዚያ ግን ያብጣል፣ ይመግላል፣ ደሴ ላይ አውራጃው ይዋረዳል። የሚቀባው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ የላጨችው እጅ ናት፤ የሙያው ሕግ ነው። ጓድ ምስጋኑ ስለዚህ ሕግ የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበበም፤ ያላነበበው መጽሐፍ ግን ብዙ መሆኑን ያውቃል። መሳቢያውን ከፍቶ የይለፍ ቅጽ አወጣና «አልጣሽ ቢሆነኝ፣ ጤና ረዳት» ብሎ ጻፈ።

«ቡድኑ የሚያድረው ትምህርት ቤት ወለል ላይ ነው» አለ፣ «ለሴት የተያዘ ቦታ የለም። የሚያርፉበትን ቤት፣ የባለቤቱን ስም ይጠይቃል ቅጹ። ደሴ ዘመድ አለዎት?»

ጋሻዬ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። አልጣሽ እግሩን ረገጠችው። ጓድ ምስጋኑ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስደግፎ ጠበቀ። አልጣሽ መቀነቷን አጠበቀች፤ መሬት መሬት አየች። ጋሻዬ ልቡ ሲመታ ያለ ጠጉር የቀረው ደረቱ ላይ በዓይን ይታይ ነበር። ልትተወው ነው፣ ይቅርብኝ ብላ ልትወጣ ነው ብሎ ፈራ።

«ሸጌ» አለች። ሻክሮ ስለወጣባት ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። «ሸጌ ጋሻዬ።»

«ምንዎት ናት?»

«ልጄ ናት። አራስ ናት። እናቷ እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፈው።»

«እሱ ቦታ የለውም» አለ ጓድ ምስጋኑ ቅጹን አገላብጦ።

«ከጎኑ ጻፈው።»

ጻፈላት። ማኅተም አድርጎ ሰጣት። አልጣሽ ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው ቆማ አነበበችው፤ አንድ ጊዜ በልቧ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጮክ ብላ።